በጡቴ የያዝኩት ልጅ

የዚያን ዕለት ቡታጅራ ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ የነበረውን ሰው አስታውሳለሁ። ዳይሬክተሩ ከቢሯቸው በወጣላቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። ከጎናቸው የወረዳው ጸሐፊና አንድ የፖሊስ አስር አለቃ ቆመዋል። የስፖርት አስተማሪው ነበር፤ ከጎጃም የመጣ ቀጭን ሰው ነው፣ ፊሽካው ከአንገቱ አይወርድም። ዳኛው ነበር፤ የጤና ጣቢያው ድሬሰር ሲሆን ለዚያ ቀን ብሎ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል። ከወልቂጤ የመጡት ተጫዋቾች ነበሩ፤ በጭነት መኪና ላይ ከሌሊት ጀምሮ ሲንገላቱ ስለመጡ ፀጉራቸው በአቧራ ቀልቷል። ሾፌራቸው ጥላ ፈልጎ ከመኪናው ሥር ሸንኮራ ይመጥ ነበር። የእኛዎቹ አምስት ልጆችና ሦስት ተቀያሪዎች ነበሩ። ባለቤቴ ነበር፤ ሱቁን ዘግቶ መጥቷል። የአስር አለቃው ሚስት ጎረቤቴ ናት፣ ከእኔ ጋር አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። የልጄ ጓደኛ የሆነው የእንሴኖው ልጅ አጎት በቅሎውን አጥሩ ላይ አስሮ ቆሟል። የቀረው ተማሪ ነው፤ ግማሹ ሜዳው ዳር፣ ግማሹ አጥር ላይ። እኔም ነበርኩ። ሌላውን ሁሉ የዘረዘርኩት እኔን ለመደበቅ እንዳይመስል፣ እኔም ነበርኩ ብዬ ልጻፍ።

ብዙ አልተማርኩም። ፊደል የቆጠርኩት በልጅነቴ ቄስ ዘንድ ነው። ኋላ ትምህርት ቤቱ ለአዋቂዎች ትምህርት ሲከፍት ሁለት ዓመት ገብቼ መጻፍ ተማርኩ። የተወለድኩት በጉንችሬ በኩል ነው፤ ቡታጅራ የመጣሁት ባለቤቴን አግብቼ ነው። እሱ ልብስ ሰፊ ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና። የምናገረው በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ አካባቢ የሆነ ነገር ነው።

ከልጄ በፊት ሁለት ቀብሬአለሁ። ሁለቱንም ኩፍኝ ነው የወሰደብኝ። እሱ ሦስተኛው ነው፤ ከእሱ በኋላም አልወለድኩም። ሲያስነጥስ እደነግጣለሁ፣ ዝም ሲልም እደነግጣለሁ። ስምንተኛ ክፍል ደርሶ፣ ቁመቱ አባቱን አልፎ፣ እኔ አሁንም ትምህርት ቤት ሲሄድ እስከ መንገዱ መታጠፊያ እየተከተልኩ አየዋለሁ። ጓደኞቹ ይስቁበት እንደነበር የሰማሁት ቆይቼ ነው።

ቅርጫት ኳስ ወደ ከተማችን ያመጣው የስፖርት አስተማሪው ነው። ሁለት የባሕር ዛፍ ግንድ አስተከለ፤ ጫፋቸው ላይ ሳንቃ አስመታ፤ ብረት ሠሪው ክብ ብረት ቀጥቅጦ ሰጠው። መረብ አልነበረውም። ኳሱ በብረቱ ውስጥ አለፈ ወይስ በአጠገቡ እያሉ በተጨቃጨቁ ቁጥር ዳይሬክተሩን ይጠሩ ነበር። ልጄ ከሁሉም ቀድሞ የኳሱ ነገር ገባው። ከሩቅ ቆሞ፣ ጉልበቱን ትንሽ ሰበር አድርጎ ይለቀዋል፤ ኳሱ ብረቱን ሳይነካ ይገባል። ባለቤቴ የሁሉንም ማልያ ከአቡጀዲ ሰፍቶ ሰጣቸው። ማታ ራት ላይ፣ «ዛሬ ስንት አገባህ?» ይለዋል። «ማን አቀበለህ?» ብሎ ጠይቆት አያውቅም። እኔም አልጠየቅኩም።

የሚያቀብለው የእንሴኖው ልጅ ነበር። አባቱ ሞቷል፤ አጎቱ ከቆሼ በርበሬ እየገዛ የሚነግድ ሰው ነው። ልጁ ቡታጅራ ዘመድ ዘንድ ተጠግቶ ይማር ነበር። አጭር ነው፣ ደረቱ ሰፊ፣ አፉ የማያርፍ። ቤታችን ሲመጣ ከበር ላይ፣ «አሰላሙ አለይኩም እትዬ፣ የዚህ ቤት ጎመን አለሁ ይላል?» ይለኛል። ጎመንና ቆጮ አቀርብለታለሁ። ሥጋችንን እንደማይበላ አውቃለሁና ለእሱ ብዬ ጎመኑን በቅቤ ለብቻ እሠራ ነበር። ሁለቱ እንደ ወንድማማች ነበሩ። መጀመሪያ ላይ ልጄም ያጠቃል፣ ተመልሶም ይከላከላል፤ አስተማሪውም ይወደው ነበር።

አንድ ቀን ከከተማው ጎልማሶች ጋር ለልምምድ ተጫወቱ። ልጄ ቅርጫቱ ሥር ሰው ሊያግድ ሲገባ አንዱ በክርኑ ቅንድቡን ፈነከተው። ደም ፊቱን ሞልቶት፣ እየሳቀ ቤት ገባ። እሱ ይስቃል፤ እኔ ደሙን በነጠላዬ እየጠረግሁ ወደ ጤና ጣቢያው ወሰድኩት። ድሬሰሩ ሰፋለት፣ በሳምንቱ ዳነ። እኔ ግን አልዳንኩም። እየሄድኩ ጨዋታውን በአጥር ቀዳዳ አየው ጀመር። ያየሁትም ይህ ነው፤ ኳስ ሲያገባ ማንም አይነካውም፣ ከሩቅ ነውና። የሚጎዳው ለመከላከል ሲገባ ነው። ግፊያውም፣ ክርኑም፣ ውድቀቱም ያለው እዚያ ነው።

ስለዚህ አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ከጓሮ፣ እንሰቱ መሀል ጠራሁት። ነጠላዬን ገለጥ አድርጌ ጡቴን ያዝኩ። ይህ በእኛ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ልጅ የለም፤ በጡት ተይዞ ቃሉን የጣሰ እርግማን ይደርስበታል። ፊቱ ወዲያው ተለወጠ።

«እማዬ፣ ተይ» አለኝ።

«በጠባኸው ጡት ይዤሃለሁ» አልኩት። «ኳሱ ለእናንተ ሲሆን ተጫወት። ለእነሱ ሲሆን ከሰው መሀል እንዳትገባ። ራቅ ብለህ ቁም።»

«እንዴት ብዬ? አምስት ነን እኮ። እኔ ከቆምኩ አራት ይሆናሉ።»

«አራቱ ይበቃሉ።»

«አስተማሪው ሲጠይቀኝ ምን እላለሁ?»

እዚህ ላይ ብተወው ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። እናቴ ፈርታ ነው ቢል ሰው ይስቅብኝ ነበር፣ ያ ብቻ ነበር። እኔ ግን በአጥር ቀዳዳ ስመለከት ልጆቹ እንደሳቁብኝ ሰምቼ ነበርና አፈርኩ። «ይህንንም ለማንም እንዳትናገር፣ በዚሁ ጡት» አልኩት። እግሩን በአንድ ልጓም፣ አፉን በሌላ ልጓም ያዝኩት።

ልጄ ቃሉን ጠበቀ። ኳሱ ለእነሱ ሲሆን ሜዳው መሀል ላይ ይቆማል፤ ጓደኞቹ ታግለው ኳሱን ሲያወጡ ወደፊት ይሮጥና ተቀብሎ ያገባል። ነጥቡ እንዲያውም በዛ። ተማሪዎቹ ግን ወዲያው ስም አወጡለት፤ «ባላባት» አሉት። ያኔ መሬቱ የባላባት፣ እርሻው የጭሰኛ፣ ከምርቱም ሲሶው የባላባቱ ነበርና ስድቡ ማንንም አላመለጠም። አጥሩ ላይ የተሰቀሉት፣ «ለባላባቱ ቁሙለት፣ ሲሶው እየመጣ ነው» ይላሉ። ልጄ አንገቱን ይደፋል። የእንሴኖው ልጅ በሳቅ ሊያስረሳው ይሞክር ነበር። አንድ ቀን ቤታችን ቆጮውን እየቆረሰ፣ «እትዬ፣ እኔኮ የልጅሽ ጭሰኛ ነኝ» አለኝ። «እኔ አርሳለሁ፣ እሱ ይበላል። ወላሂ እርሻው ባልከፋ፣ በሬ ብቻ ቢጨምርልኝ።»

ሁሉም ሳቀ፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ልጄ አልሳቀም።

ከወልቂጤ ልጆች ጋር የሚጫወቱበት ጊዜ ሲቀርብ አስተማሪው ቤታችን መጣ። ባለቤቴ ተነስቶ ወንበሩን ለቀቀለት። አስተማሪው ከተቀመጠ በኋላ፣ «ጋሼ፣ ልጅዎ ጎበዝ ነው። ግን ቡድኔን እያፈረሰው ነው» አለ።

«እንዴት መምህር? የሚያገባው እሱ አይደል?»

«ያገባል። ሁለት ሲያገባ በሱ በኩል ሦስት ይገባብናል። ሌሎቹም፣ እሱ ካልተመለሰ እኛ ምን አደከመን ማለት ጀምረዋል። ያ የእንሴኖው ልጅ ብቻ ነው ለሁለት የሚሮጠው፤ እሱም ሰው ነው፣ ይደክማል።» ወደ ልጄ ዞረ። «አንተ ልጅ፣ እግርህን ያመሃል?»

«አያመኝም።»

«ትፈራለህ?»

ልጄ ዓይኑን ወለሉ ላይ ተከለ። ባለቤቴ ተቆጣ፤ «ጥጋብ ነው መምህር፣ ጥጋብ ነው፣ እኔ አስተካክለዋለሁ» አለ። በዚያች ቤት ውስጥ እውነቱን የምናውቅ ሁለት ነበርን፤ አንዱ እንዳይናገር ተይዟል። እኔ አልተያዝኩም። እጄን በቀሚሴ እየጠረግሁ፣ «ልጅ ነው፣ ይማራል» አልኩ። አስተማሪው አመስግኖኝ ወጣ። ባለቤቴ ልጁን ያን ቀን እስኪበቃው ሰደበው። ልጄ አንዴ ብቻ ቀና ብሎ አየኝ።

የጨዋታው ቀን ቅዳሜ ነበር። የወልቂጤዎቹ ረጃጅሞች ነበሩ፤ አንዱማ ቆሞ ብረቱን ሊነካ ምንም አይቀረው። መጀመሪያ ላይ እኩል እኩል ሄዱ። ልጄ ከሩቅ ሲያገባ ሜዳው ይነቃነቃል፤ ባለቤቴ ባርኔጣውን አውልቆ ይይዛል። ኳሱ ወደ እኛ ሲዞር ግን ልጄ ይቆማል። አጥሩ ላይ ያሉት ጀመሩ፤ «ባላባት፣ ፀሐይ እንዳይመታህ!» የወረዳው ጸሐፊ ይህን ስድብ ሰምቶ ፊቱን አጠቆረ፤ ዳይሬክተሩ ዘበኛ ልከው ከተሳዳቢዎቹ ሁለቱን ከአጥር አስወረዱ። የእንሴኖው ልጅ የራሱንም ሰው፣ የልጄንም ሰው ይጠብቃል። ከአንዱ ወደ አንዱ ሲሮጥ ማልያው ከጀርባው ተጣብቋል። አስተማሪው፣ «ተመለስ! አንተ፣ ተመለስ!» ይላል። በመጨረሻ ልጄን አስወጣው። ወልቂጤዎች ወዲያው በለጡ፤ የሚያገባ ጠፋ። ሰዉ አጉረመረመ፣ ባለቤቴም ተነስቶ ከአስተማሪው ጋር ተነጋገረ። አስተማሪው ምን ያድርግ፤ መልሶ አስገባው።

ለዕረፍት ሲወጡ ልጄ ቀጥ ብሎ ወደ እኔ መጣ። ውኃ በቅል ይዤ ነበር። ተቀበለኝ፣ ግን አልጠጣም። ጎንበስ ብሎ፣ «እማዬ፣ ፍቺኝ» አለኝ።

ቀላል ነበር። ፈትቼሃለሁ ማለት ብቻ ነው፤ ቃሉን ያሰረ አፍ ይፈታዋል። ግን የአስር አለቃው ሚስት አጠገቤ ነበረች።

«ምን አለ?» አለችኝ።

«ውኃ ነው» አልኳት። ለልጄም፣ «ጠጣና ሂድ፣ ይጠብቁሃል» አልኩት።

ቅሉን ሳይጠጣ መለሰልኝ። የእንሴኖው ልጅ መጥቶ ወሰደውና ግጥም አድርጎ ጠጣ። ከዚያ አፉን በክንዱ ጠርጎ፣ «እትዬ፣ አይዞሽ፣ ልጅሽን ማንም አይነካብሽም፣ እኔ አለሁ» አለኝ። በቀልድ ነው ያለው። ምንም አያውቅም ነበር።

እንደገና ጀመሩ። ብዙም ሳይቆይ ያ ረጅሙ የወልቂጤ ልጅ ኳሱን እያነጠረ በልጄ በኩል መጣ። ልጄ ክንዱን ቢዘረጋ ይደርስበት ነበር። አንድ እግሩን ሲያነሳ አየሁት። መልሶ አስቀመጠው። ወደ እኔም አየ። እኔ ዓይኔን ወደ ነጠላዬ ጥለት መለስኩ፤ ጥለቱ ላይ የማየው ነገር ያለ ይመስል። ስለዚህ የሆነውን በዓይኔ አላየሁም፤ በጆሮዬ ነው የሰማሁት። ቀና ስል የእንሴኖው ልጅ ምሰሶው ሥር ወድቋል። የራሱን ሰው ትቶ ሮጦ መጥቶ ረጅሙን ሊያግድ ገብቶ ነበር። ያ ልጅም ክፉ አልሠራም፤ ሩጫውን ማቆም አቅቶት ነው። ምሰሶው እንዳይነቃነቅ ሥሩ ድንጋይ ተከምሮበት ነበር፤ የእንሴኖው ልጅ ጉልበት ያረፈው እዚያ ድንጋይ ላይ ነው።

ድሬሰሩ ፊሽካውን ጥሎ ሮጠ። አጎትየው፣ «ያ አላህ፣ ያ አላህ» እያለ ሰዉን ይገፋል። ልጁ አልጮኸም። ከንፈሩ ነጭ ሆኖ፣ «ገባ ወይስ አልገባም?» ይል ነበር። አልገባም ነበር።

እሱን ተሸክመው ካወጡ በኋላ ጨዋታው ቀጠለ፤ እንግዶቹ ሩቅ ስለመጡ ይለቅ ተባለ። ልጄ ያኔ ተለወጠ። በሁሉም ቦታ ገባ፤ ተጋፋ፣ ወደቀ፣ ተነሳ፣ ክርኑ ተላጠ። አንድም ኳስ ወደ ቅርጫቱ አልወረወረም፤ ያገኘውን ሁሉ ለሌሎቹ ያቀብላል። አስተማሪው፣ «እንዲህ ነው! እንዲህ ነው!» ይላል፣ ምን እንደሚያይ ሳያውቅ። በጥቂት ነጥብ ተሸነፍን። ሰው ሁሉ ባላባቱ ዛሬ ሰው ሆነ እያለ ተበተነ። እኔ ቃሌን እንደ ረገጠው አወቅሁ፣ እሱም ያውቃል። በእኛ ዘንድ የእናት ጡት የረገጠ ሰው ምን እንደሚደርስበት እየሰማን ነው ያደግነው።

በማግስቱ ጠዋት ጓሮ ተቀምጦ አገኘሁት። አልበላም።

«ጡትሽን ረገጥኩ» አለኝ።

ደነገጥሁ። ልጄ ፈርቶ እንዳይታመምብኝ ብዬ፣ ሳላስብ፣ «አልረገጥክም። ፈትቼህ ነበር» አልኩት።

«መቼ?»

«ውኃ ስሰጥህ። በልቤ ፈትቼሃለሁ።»

አየኝ፣ ብዙ አየኝ። እኔ የሚቀልለው መስሎኝ ነበር። «ታዲያ እግሬን ያነሳሁ ጊዜ ተፈትቼ ነበር?» አለኝ።

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን ቆምኩ?»

ይህን የጠየቀው ራሱን ነው። ያኔ ነው ያደረግሁት የገባኝ። እርግማኑን ከላዩ አነሳሁ ብዬ የእንሴኖውን ልጅ ጉልበት አሸከምኩት። ውሸቴን ነው ማለት እችል ነበር፤ ጓሮው ውስጥ ከእኛ በቀር ማንም አልነበረም። አላልኩም። ገብቼ ምድጃውን አስተካከልኩ።

የእንሴኖውን ልጅ ድሬሰሩ አሰረው፣ ወጌሻም አየው። እግሩ ግን አልታጠፍ አለ። ሁለት ሳምንት ዘመዶቹ ዘንድ ተኝቶ ቆየ። ቅቤ ይዤ ሄድኩ። የሄድኩት እውነቱን ልነግረው ነበር። ሲያየኝ፣ «እትዬ፣ ጭሰኛሽ አረፈ» አለኝ። ዘመዶቹ ሳቁ። ቅቤውን አስቀምጬ፣ አላህ ይማርህ ብዬ ወጣሁ። አጎቱ እስከ በር ሸኝቶኝ፣ «ልጅሽ በየቀኑ ይመጣል፣ አላህ ይስጠው፣ ጥሩ ልጅ ነው ያሳደግሽው» አለኝ። ከዚያ በኋላ በበቅሎ ጭኖ ወደ እንሴኖ ወሰደው። ትምህርቱንም በዚያው ተወ።

ልጄ ቅርጫት ኳስ አልነካም። አስተማሪው ሁለት ጊዜ መጣ፣ ለመነው። በዓመቱ እሱም ወደ ሌላ አገር ተዛወረ። ልጄ አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ አዲስ አበባ ሥራ ገባ፤ መንግሥት ተለወጠ፣ ብዙ ነገር ሆነ። ወልዶ አሳደገ። ልጆቹ ኳስ ሲጫወቱ ከሜዳው ራቅ ብሎ ይቆማል እንጂ አይመለከትም፤ ይህን ሚስቱ ናት የነገረችኝ። ስትነግረኝ እንደ ጠባይ አድርጋ ነው፤ ምክንያቱን አታውቅም።

ባለፈው ፋሲካ ሊጠይቀኝ መጣ። ፀጉሩ ነጭ ሆኗል። ብቻችንን ስንሆን ነገርኩት። «ያን ቀን አልፈታሁህም ነበር» አልኩት። «በልቤም አልፈታሁህም። ሰው ሰማኝ አልሰማኝ ስል ነበር። አንተ የቆምከው በእኔ ነው።»

ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን፣ «ይህን ሁሉ ዘመን?» አለ።

«ይህን ሁሉ ዘመን።»

ተነሳ፣ በሩ ላይ ቆመ። ተመልሶ ተቀመጠ። «ለእኔ ነገርሽኝ እሺ» አለኝ። «እሱስ? እኔ ፈርቼ የተውኩት እየመሰለው ነው የኖረው። ለእሱ ንገሪው።»

ስለዚህ ሰው ይዤ እንሴኖ በገበያ ቀን ሄጄ ጠየቅሁ። አጎቱ ሞቷል። አንዱ ቆሼ ወፍጮ ቤት አለው አለኝ፤ ቆሼ ስጠይቅ ድሮ ለቆ አዲስ አበባ መርካቶ ገባ አሉኝ። መርካቶ ልጄ ጠየቀ፣ አላገኘውም። በዚህ ዕድሜ በሕይወት መኖሩም አያስተማምንም። ስም አልጽፍም፤ የሰውየውን ፈቃድ አላገኘሁምና። አጭር ነው፣ ደረቱ ሰፊ፣ ቀኝ ጉልበቱ የማይታጠፍ፣ ቀልድ የሚወድ፤ በልጅነቱ ቡታጅራ የተማረ፣ የእንሴኖ ሰው። በሕይወት ይኑር አይኑር የሚያውቅ ካለ ቡታጅራ፣ ድሮ ልብስ ሰፊው ሱቅ ከነበረበት ጀርባ ነኝና ወሬውን ይላክልኝ።